ሱፐርማን መብረር የጀመረው የት ነው?

ሱፐርማንንና ባትማንን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዲሽ ነው። የተፈጠሩት ግን አሜሪካ፣ ኮሚክስ ላይ ነው። ኮሚክስ ማለት ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበት፣ ንግግሩም ከሰዎቹ አፍ አጠገብ በክብ ውስጥ የሚጻፍበት መጽሔት ነው። ስለዚህ ካርቱን ፊልሙ ከኮሚክሱ ለየት ካለ «አበላሹት!» የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ ግን አንዳንዴ አስተካከሉት እላለሁ። ኮሚክሱም ራሱ ከካርቱን የወሰደው ብዙ ነገር አለ። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሱፐርማን በ1938 ኮሚክስ ላይ ሲወጣ በጣም ሩቅ ይዘል ነበር እንጂ አይበርም። መጀመሪያ በሬዲዮ ድራማው፣ ከዚያ በ1941 በጀመረው የካርቱን ፊልሙ ላይ በረረ። ኮሚክሱም ተከተላቸው። አሁን የማይበር ሱፐርማን ማን ያስባል?

ለእኔ ግን ትልቁ ምሳሌ ሚስተር ፍሪዝ ነው። በ1959 የባትማን ኮሚክስ ላይ ሲመጣ ስሙ ሚስተር ዜሮ ነበር። በረዶ የሚያደርግ መሣሪያ የያዘ ሌባ ነው፣ በቃ። ለምን ክፉ እንደሆነ ብዙም አያሳዝንም፣ አያሳስብም። በ1992 የባትማን ካርቱን ሲሠራ ፖል ዲኒ የሚባል ጸሐፊ አዲስ ታሪክ ሰጠው። ፍሪዝ ሳይንቲስት ነው። ሚስቱ ኖራ መድኃኒት የሌለው በሽታ ይዟታል። መድኃኒቱ እስኪገኝ ብሎ በቅዝቃዜ ውስጥ አስተኝቶ ያቆያታል። የድርጅቱ አለቃ ግን ገንዘብ አባከንክ ብሎ ሥራውን ያስቆመዋል፤ በግብግቡ መሃል ኬሚካል ይፈስበታል። ከዚያ በኋላ ያለ ብርድ መኖር አይችልም። ሚስቱንም ያጣ ስለሚመስለው አለቃውን ሊበቀል ይነሳል። ይሄንን ሁሉ የነገሩን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ አንድ ክፍል ነው! ስታዩት ባትማን እንዲያሸንፍ ትፈልጋላችሁ፣ ግን ፍሪዝም ያሳዝናችኋል። ጽሑፉ ኤሚ የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። በኋላ ኮሚክሶቹም ኖራን ወሰዷት። (ከጎን ያለውን ሥዕል የሳለችው የክበባችን አባል ናት። ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ነበር ያለን፣ ለፍሪዝ ግን ልክ ሆነ።)

በዚያው ካርቱን ላይ ሃርሊ ክዊን የምትባል የጆከር ረዳት ነበረች። ዲኒና ሠዓሊው ብሩስ ቲም ናቸው የፈጠሯት። መጀመሪያ ለአንድ ክፍል ብቻ ነበር የታሰበችው። ሰው ሲወዳት ግን ደጋግመው አመጧት። በ1993 በካርቱኑ ላይ ተመሥርቶ በሚታተመው ኮሚክስ ውስጥ ገባች፣ በ1999 ደግሞ በዋናው የባትማን ታሪክ ውስጥ። ዛሬ የራሷ ኮሚክስ ያላት ናት። የኤክስ ሜኗ ኤክስ 23ም በ2003 ከካርቱን ነው የጀመረችው፤ በዓመቱ ኮሚክስ ላይ ወጣች።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እኔ እንደሚመስለኝ ካርቱን ሠሪዎቹ ጊዜ የላቸውም። ኮሚክስ ለብዙ ዓመታት እየተጻፈ ነገሩ ይወሳሰባል። ካርቱን ግን ምንም የማያውቅ ልጅ በሃያ ደቂቃ እንዲገባው መደረግ አለበት። ስለዚህ «ይሄ ሰውዬ የሚፈልገው ምንድን ነው?» ለሚለው አንድ ግልጽ መልስ ይፈልጋሉ። ለፍሪዝ መልሱ ኖራ ናት። ደግሞ ቴሌቪዥን በነፃ የሚያየው ልጅ ኮሚክስ ከሚገዛው ይበዛል። ያ ልጅ አድጎ ኮሚክስ ሲገዛ የሚፈልገው ያንኑ በካርቱን የሚያውቀውን ፍሪዝ ነው፤ አንዳንዱም ራሱ የኮሚክስ ጸሐፊ ይሆናል።