ጨረታ አሸነፍኩ ብለህ በግ አትረድ

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ዛሬ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ደሴ የመጡ የብረትና እንጨት ሥራ ባለቤት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘረጉ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ኮምባይንድ ዴስክ ለማቅረብ ሊወዳደሩ ነው። ዋጋው ከቫት በፊት 2 ሚሊዮን ብር፣ ወጪው 1 ሚሊዮን 860 ሺህ (ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ)። «140 ሺህ አተርፋለሁ» አሉኝ።

«መቼ ጋሼ?»

«አብሽር ልጄ፣ መንግሥት አይክድም!»

አይክድም፣ ያቆያል እንጂ።

ልጃቸው ደግሞ ቲክቶክ ላይ «የመጣልህን ሥራ ሁሉ እሺ በል፣ መንገዱ በኋላ ይገኛል» የሚል አሠልጣኝ አሳየኝ። ይኼ አሠልጣኝ አንድ ቀን እንኳ የደመወዝ ሊስት ላይ ፈርሞ ያውቃል? እኔ የሰው ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራ ሲመጣ የሚታየው እንዲህ ነው፦

1. ብሩ መቼ ይገባል? ስንት ይተርፋል ከማለትህ በፊት ይኼን ጠይቅ። ሰውየው 1.2 ሚሊዮኑን በ18 በመቶ ወለድ ተበድረው ነው የሚሠሩት። ክፍያው ስድስት ወር ቢዘገይ ወለዱ ብቻ 108 ሺህ ነው። ከ140 ሺሁ 32 ሺህ ቀረ። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ 1395፣ ደግሞ አለ። የትርፍ ግብርህ ከጠቅላላ ሽያጭህ 2.5 በመቶ በታች ከሆነ 2.5ቱን ትከፍላለህ። ከሽያጭ ነው የምልህ! ከ2 ሚሊዮን 50 ሺህ። ዓመቱን በእንዲህ ያለ ሥራ የሞላ ሰው በእያንዳንዱ 18 ሺህ ከኪሱ ጨምሮ ሠራ ማለት ነው። 10 በመቶ የውል ማስከበሪያውንና 3 በመቶ ዊዝሆልዲንጉን ገና አልቆጠርኩም። ዊዝሆልዲንጉ ከግብሩ ይታሰብልሃል፣ እስከዚያ ግን ብሩ አንተ ጋ የለም።

2. የሰጠኸው ዋጋ ስንት ጊዜ ያስርሃል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በሰኔ ዋጋ ፈርሞ በነሐሴ ዕቃ የገዛውን ሰው እስኪ ጠይቀው።

ወደ ክፍያው ልመለስ፣ አልወጣልኝም። ዕቃው ገብቷል፣ ሞዴል 19 ተቆርጧል። አቅራቢው ቼኩን ሲጠይቅ መጀመሪያ «የርክክብ ኮሚቴው አልተሟላም»። ቀጥሎ «ሒሳብ ሹሙ ፊልድ ነው»። ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣና «በጀቱ ተዘግቷል፣ በአዲሱ ይታያል»። ያው መሥሪያ ቤት አንተ ዕቃ አንድ ሳምንት ብታዘገይ የጉዳት ካሳ ይቆርጥብሃል። እሱ ግማሽ ዓመት ሲያዘገይ የሚቆረጥበት ማነው? አቅራቢውስ በደረጃ አስር ቢሮ ሲመላለስ ጥቃቅን ነጋዴ እየተባለ ይሰበሰባል፣ ሥልጠና ይሰጠዋል፣ «የሥራ ፈጠራ ክህሎት»! ክህሎቱ አለው፣ ብሩን ስጡት። ለዚህ ነው ከመሥሪያ ቤት 7 በመቶ ትርፍ ከሚያመጣ ሥራ ይልቅ በእጅ በእጅ 4 በመቶ የሚያስገኘውን የሰፈር በርና መስኮት ያዝ የምለው። ብሩ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠር።

ሌላው የአንድ በር ሥራ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ሠራተኛውን ተማምኖ የሚከራይ ክፍል የሠራ፣ ሰርቪስ የገዛ ብዙ ነው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ፣ ዝርፊያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ተሰረዘች። ፓርኩ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ገቢህ በሙሉ ከአንድ በር ከሆነ በሩ ሲዘጋ ዕዳው አንተው ጋ ይቀራል ነው የምለው።

«ባቡሩ ሲገባ» እያለ ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላም አለ። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ነው። ሲገባ ዋጋው ይጨምራል፣ እስኪገባ የባንኩን ወለድ ደላላው አይከፍልልህም።

የጨረታ ሰነድ የገዛችሁ ሰዎች፣ ሲፒኦ ከማሠራታችሁ በፊት ኑ፣ ፒያሳ ነኝ። አሸንፋችሁ «ውሉን አልፈርምም» ካላችሁ ማስያዣው ይወረሳል፣ ያኔ እኔም ምንም አላደርግላችሁም። ጋሼ ሐሙስ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ዋጋቸውን እንደገና አስልተው ያስገባሉ፣ ወይ ይተዉታል። ሰነዱ የተገዛበት ጥቂት መቶ ብር ቢቀር ይቅር።