የሁለት ሚሊሜትር ዋጋ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መድረክ ላይ ቆሞ ከአንድ ተራ የቢሮ ፖስታ ውስጥ ላፕቶፕ መዝዞ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማክቡክ ኤር የተባለው ይህ ኮምፒውተር ወፍራም በሆነው ጎኑ 1.94 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.36 ኪሎ ግራም፣ መነሻ ዋጋው 1,799 ዶላር ነበር። ለዚያ ስስነት ሲባል የተተወው ነገር ግን ከመድረኩ አልታየም። ሲዲ ማጫወቻ የለውም፤ የዩኤስቢ መሰኪያው አንድ ብቻ ነው፤ 2 ጊጋ ባይት ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ባትሪውንም ባለቤቱ በቀላሉ አውጥቶ አይቀይረውም። ሃርድ ዲስኩም ለኪስ የሙዚቃ ማጫወቻ ይውል የነበረው ትንሽና ዘገምተኛ ዓይነት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ኢንቴል «አልትራቡክ» የሚል መጠሪያ አውጥቶ ሌሎቹን አምራቾች በዚሁ መንገድ አስከተለ፤ ስስነትም የጥራት ምልክት ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሱቅ የገባ ገዢ ላፕቶፑን አንሥቶ ይመዝናል፣ ጎኑን ያያል፣ ክዳኑን ይዳስሳል። ዐይንና እጅ የሚፈርዱት ይህን ብቻ ነው። ስስነት ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ከፊሉ በፍጥነት ይከፈላል። ትልቁ ድርሻ የሚከፈለው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዕቃው ዕድሜ ነው። አንድ ላፕቶፕ ገዝቶ እስኪያልቅ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሁለተኛው ክፍያ እጅግ የከበደ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ለመረዳት ከሙቀት መነሣት ያስፈልጋል። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ 45 ዋት የሚወስድ ቺፕ 45 ዋት ሙቀት ያወጣል። ይህ ሙቀት ከጣት ጥፍር ብዙም ከማይሰፋ ሲሊከን ተነሥቶ በመዳብ ቱቦ ወደ ስስ የብረት ክንፎች ይሄዳል፤ ፋኑም በክንፎቹ መካከል አየር እየነፋ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ቱቦው፣ ክንፎቹና ፋኑ ሁሉም ቦታ ይፈልጋሉ። ቁመታቸው ባነሰ ቁጥር የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ትንሹ ፋን ያንኑ ያህል አየር ለመንፋት በጣም መፍጠን ስላለበት ይጮኻል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዓባይ በረሃን የሚወጣ አይሱዙ ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ራዲያተሩ ትንሽ ከሆነ ዳገቱ መሀል ላይ መቆሙ እንደማይቀር ሁሉ፣ ጠንካራ ፕሮሰሰር የያዘ ስስ ላፕቶፕም ሜዳው ላይ ይበርና ረጅም ሥራ ሲመጣ ይደክማል።

ስለዚህ ሻጩ «ኮር አይ7 ነው» ወይም «አርቲኤክስ አለው» ሲል የነገረን ስም ነው፤ አቅሙን ገና አልነገረንም። የኢንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ጥሩ ማስረጃ ነው። የላፕቶፑ አምራች እንደ ዕቃው የማቀዝቀዝ ችሎታ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መካከል የሚሠራበትን ኃይል ይወስናል። ሁለት ላፕቶፖች በአንድ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ለጥፈው ቆመው፣ አንዱ ከሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል የሚሰጠው ሊሆን ይችላል። ኢንቴልም ኮር አልትራ 7 155ኤች የተባለውን ፕሮሰሰር ሲሸጥ የዘወትር ኃይሉን 28 ዋት፣ ለአጭር ጊዜ የሚደርስበትን ከፍተኛውን ደግሞ 115 ዋት ብሎ ያስቀምጣል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ርቀት የሚሞላው በማቀዝቀዣው ነው። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ፕሮግራም ከፍቶ «እዩት ሲፈጥን» የሚለን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች፣ ብረቱ ገና ሳይሞቅ ነው።

በ2018 አጋማሽ የሆነው ይህን በግልጽ አሳይቷል። አፕል በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮን በስድስት ኮር አይ9 ፕሮሰሰር አቀረበ። ውፍረቱ 15.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ዴቭ ሊ የተባለው የቴክኖሎጂ ገምጋሚ ረጅም ቪዲዮ አቀናብሮ ሲለካው፣ አዲሱ ውድ ማሽን ከቀዳሚው ዓመት ሞዴል ዘገየ፤ ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ ሲሞክረው ግን ፈጠነ። አፕል በቀናት ውስጥ የሶፍትዌር ጉድለት እንደነበረ ገልጾ ማስተካከያ ለቀቀ፤ ሁኔታውም ተሻሻለ። ቢሆንም ፍሪዘሩ ያስተማረው ትምህርት አልተሻረም፦ ቺፑ አቅም ነበረው፣ ያጣው መተንፈሻ ነው። በ2020 የወጣው ኤም1 ቺፕ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጠራው። አፕል ይህንኑ ቺፕ ፋን በሌለው ማክቡክ ኤርም፣ ፋን ባለው ማክቡክ ፕሮም አስገባው። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለቱ እኩል ይሮጣሉ፤ ሥራው ሲረዝም ፋን የሌለው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ ምንም አይደለም፤ ሰዓታት ለሚፈጅ የቪዲዮ ወይም የሦስት አቅጣጫ ንድፍ ሥራ ግን የሚሰማ ነው።

አዲስ አበባ ለተቀመጠ ገዢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሻጮች ሲያነሡት አይሰማም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ለሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ከዚህ ጉዳት የተወሰነውን እንደሚመልስ አይካድም። ነገር ግን አቧራው ተጨምሮ ሲታይ፣ ከመጀመሪያው የማቀዝቀዝ ትርፍ የሌለው ስስ ዕቃ እዚህ የሚጠብቀው ፈተና አምራቹ በቤተ ሙከራው ከሞከረው ይለያል። በዱባይ ወይም በሪያድ ለሚሠራው ወገናችን ደግሞ አየሩ ቢወፍርም ሙቀቱ ራሱ ጠላት ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ በማይመለስ ሁኔታ አቅሙን ያጣል።

እስካሁን ያልነው ስለ ፍጥነት ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ዕድሜው ነው። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 በ2018 ሲወጣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ራም የሚሰካባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ በእጅ የሚነቀል፤ የውስጡ እየሠራ የውጩን ሳያጠፉ መቀየር ይቻላል። መብራት ሄዶ ለሚቀርበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቲ490 ውፍረቱ ወደ 17.9 ሚሊ ሜትር ወረደ። በነዚያ ሁለት ሚሊ ሜትሮች የውጩ ባትሪ ሄደ፤ ከራሙም ገሚሱ ተበየደና አንድ መሰኪያ ብቻ ቀረ። ፕሮሰሰሮቹ የአንድ ትውልድ ዘመዶች ስለሆኑ የፍጥነት ልዩነታቸው ይህን ያህል አይደለም። ገዢው በዕለቱ ያገኘው የጥቂት ግራም ቅለት ነው፤ ያጣው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ኮምፒውተሩን በትንሽ ገንዘብ የማደስ መብቱን ነው። ሌኖቮ ራሱ በ2024 ባወጣው ቲ14 አምስተኛ ትውልድ ሁለቱን የራም መሰኪያዎች መመለሱ፣ በጥገና ቀላልነትም ኩራት ማሳየቱ የጠፋው ነገር ዋጋ እንደነበረው ይመሰክራል።

የኪቦርድ ታሪክም ከዚህ አይለይም። አፕል በ2015 «ቢራቢሮ» የተባለውን ኪቦርድ ሲያቀርብ ከተለመደው 40 በመቶ እንደሚሳሳ አስታወቀ። ቁልፎቹ ግን ትንሽ አቧራ ሲገባባቸው መጣበቅ ወይም ፊደል መደጋገም ጀመሩ። ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋንና ከባትሪው ጋር አንድ ላይ የታሰረ ስለነበር፣ ለአንድ ቁልፍ ሲባል ያ ሁሉ አካል መቀየር ነበረበት። ኩባንያው በ2018 የነፃ ጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ በ2019 ወደ ቀድሞው ዓይነት ኪቦርድ መመለስ ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ የደንበኞችን ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። በ2021 የወጡት ማክቡክ ፕሮዎች ከበዱ፤ ከስስነት ጋር አብረው ተጥለው የነበሩት የኤችዲኤምአይና የካሜራ ካርድ መሰኪያዎችም ተመለሱ። ስስነትን ከሁሉ አብልጦ የገፋው ኩባንያ ራሱ በድርጊቱ መንገዱ ከልክ አልፎ እንደነበር አሳይቷል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ክብደት ነው፦ በታክሲ ተጋፍቶ፣ ፎቅ ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ የሚሸከም ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ለቅለት መክፈሉ ተገቢ ነው። ልክ ነው፤ ነገር ግን ቅለትና ስስነት አንድ አይደሉም። ትከሻ የሚያውቀው ግራሙን ነው፣ ሚሊ ሜትሩን የሚያውቀው ዐይን ነው። ቲ480 በትንሹ ባትሪው ከ1.6 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ከርሱ የሚሳሱ ነገር ግን በብረት አካላቸው የሚከብዱ ብዙ ላፕቶፖች አሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ቺፖች በጣም ቆጣቢ ሆነዋል፣ ስለዚህ ውፍረት ያለፈበት ጥያቄ ነው ይባላል። እውነትነት አለው። የቺፕ ፍጥነት ሲጨመር ቮልቴጁም አብሮ ይጨመራል፤ ኃይሉ ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ያድጋል፤ ስለዚህ የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ብዙ ዋት ይቃጠላል። ተገላቢጦሹ፣ ኃይሉን በግማሽ መቀነስ ፍጥነቱን በግማሽ አይቀንሰውም ማለት ነው። ለዚህም ነው ሥራው ሰነድ መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝና ኢንተርኔት መጠቀም ለሆነ ሰው የዛሬ ስስ ላፕቶፕ ከበቂ በላይ የሆነው፤ ወፍራም የጨዋታ ማሽን ግዛ ብዬ አልመክረውም። ይህ መልስ ግን የሚዘጋው የፍጥነቱን ጥያቄ ነው። የቺፕ ቆጣቢነት የተበየደ ራምን አይነቅልም፣ የተጣበቀ ባትሪንም አያላቅቅም። አፕል በ2024 መጨረሻ የማክቡክ ኤርን መነሻ ራም ከ8 ወደ 16 ጊጋ ባይት ሲያሳድግ፣ ከዚያ በፊት ባለ 8 የገዙት ሁሉ በ8 ቀሩ፤ ቢከፍሉም የሚጨምሩበት ቦታ የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፦ ስስ ሆኖ የሚጠገን መሥራት ይቻላል ይላል። ይቻላል። ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2021 ያወጣው ላፕቶፕ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም ሆኖ፣ ራሙም ባትሪውም ኪቦርዱም በአንድ የመፍቻ ዓይነት ይፈታሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ በተጠቃሚው የሚወጣ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አውጥቷል። እነዚህ መልካም ዜናዎች ናቸው፤ ክርክሬንም ያጠናክሩታል፤ ስስ ዕቃ የማይታደሰው ተፈጥሮ ሆኖበት ሳይሆን አምራቹ ስለመረጠ መሆኑን ያሳያሉና። ነገር ግን ፍሬምወርክ የሚሸጠው በራሱ ድረ ገጽ ለተወሰኑ አገሮች ነው፤ ሱቅ ውስጥ ከፊታችን ከተደረደሩት አብዛኞቹ ገና እንደዚያ አይደሉም። በሌላ በኩል ወፍራም መሆን ብቻውን ምስክር አይሆንም። ፕላስቲኩ ወፍሮ ውስጡ አንድ ደካማ ቱቦና አንድ ትንሽ ፋን የያዘ ርካሽ ላፕቶፕ ሞልቷል፤ ራሙም ተበይዶ ሊገኝ ይችላል። የሚፈለገው ያ ተጨማሪ ቦታ ለምን እንደዋለ ማየት ነው።

ዋጋው በውጭ ምንዛሪ በሚወሰንበት፣ ላፕቶፕ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ደመወዝ በሆነበት አገር፣ ሚዛኑ ወደ ዕድሜ ማዘንበል አለበት። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለተማሪ ወንድሙ ስጦታ ሲመርጥ የሚያብረቀርቀውን ስስ ዕቃ ይወዳል፤ ያ ተማሪ ግን በአራተኛ ዓመቱ ባትሪ መቀየርና ራም መጨመር ይኖርበታል፤ የተበየደና የተጣበቀ ዕቃ ለሠፈር ጠጋኝም ፈተና ነው። ከውጭ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ለቢሮ ሥራ ታስቦ የተሠራ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የወፈረ ሞዴል በተመሳሳይ ገንዘብ ከሚገኝ ስስ የቅንጦት ሞዴል ይሻለዋል፤ የመጀመሪያው ባለቤት የጨረሰውን ባትሪ መተካት ይችላልና።

ስለዚህ ገንዘብዎን ከመቁጠርዎ በፊት ስለ ውፍረቱ ሳይሆን ስለ ውስጡ ይጠይቁ፦ ራሙ ይጨመራል ወይስ ተበይዷል? ባትሪው በመፍቻ ይወጣል ወይስ ተጣብቋል? ቺፑስ በስንት ዋት ነው የሚሠራው? ከዚያም ቻርጀሩን ሰክተው ከባድ ሥራ ይስጡትና ግማሽ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ይጠብቁ፤ ፍጥነቱን በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይለኩ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።