«ሠራን» እና «ሠራሁ»፦ ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ልምምድ



ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎቻችን የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ያ ፈተና መልስ መምረጥን ይጠይቃል፤ ቃለ መጠይቅ ደግሞ አንደበትን።

አፉን በኽምጣና የፈታ የፃግብጂ ልጅ እናስብ። ዩኒቨርሲቲ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰቆጣ ላይ ኮሚቴው የሚጠይቀው በአማርኛ። ሙያውን በዚህ ቋንቋ ድምፁን አውጥቶ አስረድቶ አያውቅም። በዚያ ላይ በታላላቆች ፊት ራሱን እንዳያወድስ ተደርጎ አድጓል (ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም)። «በተፋሰስ ልማት ምን ሠራህ?» ሲባል «እርከን ሠራን» ብሎ ዝም ይላል። ኮሚቴውም የእርሱን ድርሻ ለይቶ ነጥብ ሊሰጠው አይችልም።

ልምምድ የምለው ጓደኛን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ በአማርኛ፣ «ተዳፋቱን የለካሁት እኔ ነኝ፤ የእርከኖቹን ርቀት የወሰንሁት በዚያ ልክ ነው፤ በዝናብ የተናዱትንም አስጠግኛለሁ» እያሉ መናገርን ነው። እውነት እስከሆነ ድረስ ጉራ የለበትም። ጓደኛውም «እንዴት ለካህ?» እያለ ያፋጥጠው። መልስን በቃል መሸምደድ ግን አልመክርም፤ አንዲት ያልታሰበች ጥያቄ ሁሉን ታስረሳለች። ጠያቂው ቢቻል የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ ይሁን፤ ከኮሚቴው አባላት መካከል የሰው ሀብት ባለሙያ ሊኖር ይችላልና፣ «ተዳፋት» ምን እንደሆነ እርሱም ሊገባው ይገባል።