ቅኔ ቤቱና ዘጠነኛ ክፍል

የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪ ጠዋት ደበሎውን ደርቦ ከጓደኞቹ ይለያል። ወይራ ወይም ጥድ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። ቅኔ የሚቀርብበት ነገራ ሲደርስ የቆጠረውን ይዞ አስነጋሪው ወይም የኔታ ፊት ይቆማል። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማምጣት አይችልም፤ የሌላ ሰው ከሆነማ ነውር ነው። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ወይም አገባቡ ከተሰበረ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። ከነገራው ቀጥሎ የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪውም የመምህሩ ሐሳብ በየት በኩል እንደ ሄደ ይከተላል። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ በዚህ ሥርዓት ሊቃውንት አፍርተዋል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ያለፉት በእነዚሁ ጉባኤዎች ነው።

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ በዚያው ዕድሜ ላይ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሥነ ምግባር የሚማረው በሌላ መንገድ ነው። ኃላፊነት ምን ማለት እንደ ሆነ ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ፈተና ላይም ያንኑ ይመልሳል። ለዓመታት የተማርንበትና ያስተማርንበት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት፤ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታና ከሕግ የበላይነት ተነሥቶ በቁጠባና በታታሪነት አልፎ ዕውቀትን በመሻት ያበቃል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የነበሩት አሥራ አንዱ ምዕራፎች አሥራ ሁለተኛም ክፍል ላይ ነበሩ። እሴቶቹ ክፉ አልነበሩም። ችግሩ ተማሪው ስለ እነርሱ ተከራክሮ፣ ተጠራጥሮ፣ የራሱን አስቦ እንዲመጣ አለመጠየቁ ነው።

ከዚያ በፊትም የተለየ ነገር አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ ይሰጥ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ስላወጀ ፈሪሃ እግዚአብሔርና ለዙፋን መታዘዝ በአንድነት ይሰበኩ ነበር። ደርግ መጣና ቦታውን ለማርክስና ለሌኒን ሰጠው። ከ1983 በኋላ ደግሞ ሥነ ዜጋ ሆነ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ጥሩ ሰው ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚናገረው መጽሐፍ አብሮ ሲለወጥ ልጆች ያያሉ፤ ስለዚህ ትምህርቱን ከልብ አይቀበሉትም። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ይሰጣል፤ ከሰባተኛ ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይተካዋል። ልጅ መጠየቅ በሚጀምርበት ዕድሜ ግብረ ገቡ ያልቃል ማለት ነው።

የሃይማኖትን ነገር ሲያነሡበት አብዛኛው መምህር ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፣ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። እኔ ይህን ድንጋጌ አጥብቄ እደግፈዋለሁ፤ በተለይ በጎጃም። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከተማ ከሃምሳ ተማሪ መካከል ሦስት አራት ሙስሊም ልጆች በሚቀመጡበት ክፍል መምህሩ የራሱን እምነት ቢሰብክ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። የጎጃም ሙስሊም ሸማኔና ነጋዴ በርስት አገር ርስት ተነፍጎት የኖረበት ዘመን ገና ከአያቶቻችን ትዝታ አልጠፋም። ነገር ግን ሕጉ የሚከለክለው ተጽዕኖን ነው፤ ዕውቀትን አይከለክልም። ክርስቲያኑ ልጅ ጎረቤቱ ረመዳንን ለምን እንደሚጾም፣ ሙስሊሟም ዐቢይ ጾም ስንት ሳምንት እንደ ሆነና ለምን እንደሚጾም ትምህርት ቤት ካልነገራቸው ማን ይነግራቸዋል? ሰንበት ትምህርት ቤቱና መድረሳው የየራሳቸውን ያስተምራሉ፤ የጎረቤትን እምነት ማስተማር የእነርሱ ሥራ አይደለም። ኬንያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የክርስትና፣ የእስልምና ወይም የሂንዱ ሃይማኖት ትምህርት መርጦ ይፈተናል። ያ መንገድ ልጆቹን በየእምነታቸው ስለሚከፍል ለእኛ አይበጅም እላለሁ። ለእኛ የሚሻለው ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ሁሉም ቢማሩ ነው።

ፍልስፍናስ? ፈረንሳይ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለአራት ሰዓት ተቀምጦ የፍልስፍና ፈተና ይጽፋል። እኛ ዘንድ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ብዙኃኑ ተማሪ ከፍልስፍና ጋር ሳይተዋወቅ ከትምህርት ገበታ ይለያል።

ማስተማሪያ ግን አለን። አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት አንጋረ ፈላስፋ አለ። የፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ አለ። ባለታሪኩ ዜማ አልሆን ብሎት ወደ ቅኔና ሰዋስው እንደ ዞረ ይተርካል፤ የጎጃም ልጅ ይህን ሰው ያውቀዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይሁዱም እውነቱ የእኔ ነው ሲሉ ማን ይፈርዳል ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም በተፈጥሮ አእምሮ መርምሮ ይፈልጋል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው አለ። ሌላው ምሁር ክሎድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ተሟገተለት፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። የሁለቱን ወገን ማስረጃ ስጧቸው፣ ለሁለት ይከፈሉ፣ ይሟገቱ፣ በማግሥቱ ወገን ለውጠው ይሟገቱ።

ቅሬታ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ሐተታው ምንኩስናንም የረመዳንንም ጾም ይተቻል፤ ልጃቸው ይህን ማንበቡን የሰሙ ወላጆች ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይመጣሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። መምህሩ በቂ ሥልጠና ከሌለው ክርክሩ ወደ ስድብ ይለወጣል፤ በአሁኑ ጊዜ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። ስለዚህ መምህሩን ማዘጋጀት መጽሐፉን ከማሳተም መቅደም አለበት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ኮሌጅም አላት፤ የቅኔ መምህራንም በእግር መንገድ ርቀት አሉ። የኔታ ክፍል ተጋብዘው ነገራ እንዴት እንደሚካሄድ ቢያሳዩ እምነት መስበክ አይሆንም፤ ሼኹም ተጋብዘው መድረሳ ውስጥ ኪታብ እንዴት እንደሚቀራ እስካሳዩ ድረስ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ትምህርት ቤቱ መከፈት አለበት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ የምሥራቅ ጎጃም ገጠር ከተጎዱት አንዱ ነው። ከሁለትና ሦስት ዓመት መቋረጥ በኋላ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚመለሰው ልጅ ፍትሕ ምን እንደ ሆነ፣ ሰው መግደል መቼም ቢሆን ትክክል ይሆን እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔር ይህን ለምን እንደ ፈቀደ የሚጠይቅ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ መምህሩ የትርጉም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ቢጽፍለት አይበቃውም።