ስለ «ብሪጅት» ስም ሰዎች ምን ይላሉ?



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል የቆየ አባባል አለን። ስምን የሚያወጣው መልአክ ከሆነ፣ ሰው በስም የሚያፍረው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ በሐሳቤ ሲመላለስ ቆይቶ፣ መልሱን ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ሥፍራ፣ ይኸውም በሩቅ አገር በአየርላንድ በሚገኝ በአንድ የሴት ልጅ ስም ታሪክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ታሪኩን በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች እንደ ተረዳሁት መጠን ለማስረዳት አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝኛ ትምህርት ሰዓት ነው። አንድ አጭር ታሪክ ስናነብ «ቢዲ» የምትል ቃል አጋጠመችን። መምህራችን ትርጉሟ «ወሬ የምታበዛ ነዝናዛ አሮጊት» ማለት እንደ ሆነ ነገሩንና ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ቢዲ የሰው ስምም ናት፤ በአየርላንድ ብሪጅት የምትባለዋን ልጅ በቁልምጫ የሚጠሩባት ናት፤ ብሪጅትም የቅድስት ስም ነው» አሉን። ወዲያው ደወል ስለ ተደወለ ነገሩ ሳያልቅ ቀረ። እኔ ግን የቅድስት ስም እንዴት የሰው መሳቂያ ሊሆን እንደ ቻለ ለማወቅ ፈልጌ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ፤ ከዚያም ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ።

ብሪጅት የሚባለው ስም እጅግ ጥንታዊ ነው። አየርላንዶች በገዛ ቋንቋቸው «ብሪድ» ይሉታል፤ «ብሪጅት» ያሉት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ትርጉሙም «ከፍ ያለች» ማለት ነው። ክርስትና ወደ አየርላንድ ከመግባቱ በፊት የአገሩ ሰዎች በዚህ ስም የምትጠራ ሴት አምላክ ነበረቻቸው፤ እርሷም የቅኔ፣ የፈውስና የአንጥረኝነት ባለቤት ናት ይሉ ነበር። ክርስትና ከገባ በኋላ ደግሞ ስሙን ያከበረችው ቅድስት ብሪጅት ናት። ይህች ቅድስት በኪልዴር ገዳም መሥርታ በ525 ገደማ እንዳረፈች ይነገራል። ኪልዴር ማለት በቋንቋቸው «የወይራ ቤተ ክርስቲያን» እንደምንለው ያለ፣ የአንድ ትልቅ ዛፍ ስም ያለበት «የኦክ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው።

ስለ ቅድስቲቱ ብዙ ይተረካል። ከሁሉ የታወቀው የካባዋ ታሪክ ነው። ለገዳሟ መሬት እንዲሰጣት ንጉሡን ብትለምነው እምቢ አላት፤ እርሷም «እንግዲያስ ካባዬ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ስጠኝ» አለችው። ንጉሡ ስቆ «እሺ» ቢላት፣ ካባው ሲዘረጋ እያደገ ሄዶ ሰፊውን ሜዳ ሁሉ ሸፈነው ይባላል። እስከ ዛሬም በዓሏ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ሲደርስ ሕዝቡ እኛ ቄጠማ ከምንለው ጋር ከሚመሳሰል የረግረግ ሣር መስቀል እየጎነጎነ ከደጃፉ በላይ ይሰቅላል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የጥንት አየርላንዶች ስሟን እጅግ ስለሚያከብሩ ልጆቻቸውን በቀጥታ «ብሪድ» ብለው ለመጥራት አይደፍሩም ነበር። በዚህ ፈንታ «የብሪድ አገልጋይ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ያወጡ ነበር። ለእመቤታችንም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። እኛስ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ማርያም እያልን የምንሰይመው በዚሁ ዐይነት አይደለምን? ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አክብሮትን በአንድ መንገድ መግለጣቸው የሚያስደንቅ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሕዝቡ ድፍረት አገኘና ስሙን በቀጥታ ለሴቶች ልጆች ማውጣት ጀመረ። በ19ኛው መቶ ዓመትም ስሙ በጣም ከመብዛቱ የተነሣ፣ ብሪጅት የምትባል ሴት የሌለችበት መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

እንግዲህ ስሙ የወደቀው በምን ምክንያት ነው? መልሱ በረሀብ ይጀምራል። በ1845 በአየርላንድ የድንች በሽታ ገባ። ድንች የድኻው ሕዝብ ዋና ምግብ ስለ ነበረ፣ እስከ 1852 ድረስ በቆየው ችጋር አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ሲቆጠር ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወርዶ ተገኘ።

ከስደተኞቹ መካከል ብዙዎቹ ባል ያላገቡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እነርሱም አሜሪካ ሲደርሱ ያገኙት ሥራ የሰው ቤት ሥራ ነበር። በኒውዮርክና በቦስተን ከነበሩት የቤት ሠራተኞች ትልቁ ክፍል የአየርላንድ ልጆች ነበሩ። ምግብና መኝታ ከአሠሪዎቻቸው ስለሚያገኙ፣ የደመወዛቸውን አብዛኛውን ክፍል ለወላጆቻቸው ይልኩ ነበር፤ እኅትና ወንድሞቻቸውንም የመርከብ ዋጋ እየከፈሉ ያስመጡ ነበር። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ብሪጅት ይባሉ ስለ ነበረ፣ አሠሪዎች የሠራተኛይቱን ስም መጠየቅ ትተው ሁሉንም «ብሪጅት» ወይም «ቢዲ» ብለው መጥራት ለመዱ። ሜሪም ትሁን ካትሪን፣ ወደ ጓዳ ከገባች ብሪጅት ናት። የቀልድ ጋዜጦችም «ብሪጅት» የምትባል ጉልበታም፣ ባለጌና ሰሃን ሰባሪ ሠራተኛ እየሣሉ አንባቢዎቻቸውን ያስቁ ነበር። ከዚህም የተነሣ ስሙ ያላቸው ሴቶች ማፈር ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ዴልያ ወይም ቤርታ ተባሉ። ልጆቻቸውንም ብሪጅት ብለው መሰየም ተዉ። የሺህ ዓመት ክብር የነበረው ስም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መሳቂያ ሆነ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ምክንያቱን አሁን ልናገር።

የእናቴ ስም ማሚቴ ነው። አያቴ ወላጅ እናቷ ሞታባት በኀዘን ላይ ሳለች ስለ ወለደቻት «እናቴን ተካችልኝ» ብላ በፍቅር ያወጣችላት ስም ነው። በከተማችን ግን ማሚቴ ሲባል ሰው የሚያስበው የቤት ሠራተኛን ነው፤ በቀልድና በጨዋታ ሁሉ ሠራተኛ ማሚቴ ትባላለች። እናቴም በእርግጥ በልጅነቷ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ሠርታለች፤ ዛሬ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ታስተምረኛለች። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ስንመዘገብ፣ የእናት ስም በሚለው ቦታ ጓደኞቼ በትከሻዬ ላይ ሆነው ሲያዩ፣ እጄ ማሚቴ ብሎ ለመጻፍ እምቢ አለኝ። «ማርታ» ብዬ ጻፍሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ ወላጆች ውጤት ለመቀበል ሲመጡ፣ የክፍል ኀላፊያችን መዝገቡን አይተው «ወይዘሮ ማርታ» ብለው ተጣሩ። ማንም አልተነሣም። ሁለተኛ ሲጠሩ እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና «እኔ ነኝ» ብላ ውጤቴን ተቀበለች። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ውጤቴ እንጂ ስለ ስሙ አንድም ቃል አልተናገረችም። የብሪጅትን ታሪክ ሳነብ ዴልያና ቤርታ የተባሉትን ሴቶች ያልፈረድሁባቸው ስለዚህ ነው። ነገር ግን እነርሱ የለወጡት የራሳቸውን ስም ነው፤ እኔ የለወጥሁት የእናቴን ነበር።

ንባቤን ስቀጥል ስለ አንዲት ብሪጅት አገኘሁ። ብሪጅት መርፊ ከአየርላንድ ከዌክስፎርድ አውራጃ ተነሥታ ወደ ቦስተን የተሰደደች ሴት ናት። በ1849 ፓትሪክ ኬኔዲ የሚባለውን የአገሯን ሰው አገባች። ባሏ በ1858 ሲሞት ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ተገደደች፤ በሰው ቤትም ሠራች። በኋላ ገንዘብ አጠራቅማ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ያሳደገችው ወንድ ልጅ ነጋዴና የሕዝብ እንደራሴ ሆነ። የልጅዋ የልጅ ልጅ የሆነው ጆን ኬኔዲ ደግሞ በ1961 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 ዋሽንግተን ሄደው ያነጋገሩት፣ በሚቀጥለውም ወር ለቀብሩ እንደገና የሄዱለት እርሱ ነው። እንግዲህ በቀልድ ጋዜጣ የተሣቀባት ብሪጅትና ልጆቿን ለዚህ ያበቃችው ብሪጅት ሥራቸውም ስማቸውም አንድ ነበረ።

በስሙ በራሱ ጉድለት እንደሌለ የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። ይኸው ስም ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሮ በስዊድን ቢርጊታ፣ በጀርመን ብሪጊተ፣ በፈረንሳይ ብሪዢት ተብሏል። በስዊድን በ1373 ያረፈችው ታላቂቱ ቅድስት ቢርጊታ አክብራዋለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በፈረንሳይና በጀርመን ወላጆች እጅግ ከሚወዷቸው የሴት ልጆች ስሞች አንዱ ይህ ነበር። በእነዚያ አገሮች ስሙ ከጓዳና ከመጥረጊያ ጋር አልተያያዘምና ማንም አላፈረበትም።

በዛሬይቱ አየርላንድ ስለዚህ ስም የሚሰጠው አስተያየት ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዶቹ «የአያቶች ስም ነው፤ ለሕፃን አይሆንም» ይላሉ። በእርግጥም ዛሬ ወላጆች የሚመርጧቸው ስሞች ሌሎች ናቸው፤ ለምሳሌ በ2021 ለተወለዱት ሴቶች ከሁሉ በላይ የወጣው ስም ፊያ የሚለው ነበር። ሌሎቹ «ብሪጅት ሳይሆን በገዛ ቋንቋችን ብሪድ ብንለው ያምራል» የሚሉ ናቸው። ሃይማኖተኞቹ ቅድስቲቱን ያስባሉ፤ የጥንቱን ታሪክ የሚወዱ ደግሞ የቅኔዋን ባለቤት ያስባሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ነገር ተደርጓል። ብዙ ሴቶችና ወንዶች ሲጠይቁ ከቆዩ በኋላ የአየርላንድ መንግሥት የቅድስት ብሪጅትን ቀን ከ2023 ጀምሮ ሥራ የሚዘጋበት የሕዝብ በዓል አድርጎታል። በዓሉ የሚውለው በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ፌብሩዋሪ 1 ዓርብ ከዋለ ግን በዚያው ዓርብ ይከበራል። በዚያች አገር በሴት ስም የተሰየመ የሕዝብ በዓል ይህ የመጀመሪያው ነው። በ2024ም ካረፈች 1,500 ዓመት መሙላቱ በኪልዴር በታላቅ ክብር ታስቧል። ስሙ እንደ ጥንቱ ባይበዛም፣ ከመሳቂያነት ወጥቶ ወደ ክብሩ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ይህን ነው፦ ሰዎች ስለ አንድ ስም የሚሰጡት አስተያየት ስለ ስሙ ሳይሆን ስሙን ስለ ተሸከሙት ሰዎች ነው። የሚሠሩ ሰዎችን ስንንቅ ስማቸውን እንንቃለን፤ ሰዎቹን ስናከብር ስማቸው ይከበራል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ ማርታ የሚለው እንዲሰረዝልኝ ለመንሁ፤ በገዛ እጄም «ማሚቴ» ብዬ ጻፍሁ። በዚያው ማታ ለእናቴ የብሪጅትን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ሊጥ እያቦካች ስታዳምጠኝ ቆይታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ለወንድሞቿም ትልክ ነበር አልሽኝ?» አለች። «አዎን፤ የመርከቡን ዋጋ ሳይቀር» አልኋት። «እኔም ለወንድሞቼ ደብተር መግዣ እልክ ነበር» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወላጆች ውጤት ለመቀበል ሲመጡ «ወይዘሮ ማሚቴ» ተብሎ ሲጠራ ከሰማችሁ፣ የምትነሣዋ እናቴ ናት።