ጦጣዋ ምን አለች?

የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እየተያየን ቀጫጭን የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ታነብልኛለች። ባለፈው ሰሞን «ጦጣዋ ዛፍ ላይ አለች» የሚለውን አነበበችና ቀና ብላ፣ «አጎቴ፣ ምን አለች?» አለችኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ስለ ንባብ እንደ እውነት የያዝናቸው ተረቶች ናቸው።

ተረት፦ የልጆች መጽሐፍ ለቋንቋ ጀማሪ ይቀላል።

እውነታው፦ መጽሐፉ የተጻፈው በቋንቋው አፉን ለፈታ ልጅ ነው። ደሴ ያለ የአምስት ዓመት ልጅ ፊደል ላይቆጥር ይችላል፤ አማርኛውን ግን ይዞታል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ያንን የሚለየው የአንባቢው ጆሮ ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ይከታል፣ ሲጠብቅ አለቃ ያደርጋል። «ጅቡ ይበላል» ሲባል «በ» ከላላች በላተኛው ጅቡ ነው፤ ከጠበቀች ግን ጅቡ ራሱ አለቀለት። የደሴው ልጅ ሳያስበው ያልፈዋል፤ የሜሪላንዷ ትሰናከላለች። በዚያ ላይ ተረቶቻችን «ሄዶ፣ አይቶ፣ ደብቆ» እያሉ ድርጊት ይደረድሩና ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያመጡታል። ጀማሪው እስኪደርስ መነሻውን ረስቶታል።

ስለዚህ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ይስማ፣ ከዚያ ያንብብ።

ተረት፦ ገጹ ሲያንስ ይቀላል።

የሚያቀለው ድግግሞሹ ነው። የልጆች መጻሕፍት ደራሲው ዶክተር ሱስ በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአረንጓዴው እንቁላል መጽሐፍ ከ60 ገጽ ያላነሰ ነው፤ ከአሳታሚው ጋር ተወራርዶ የጻፈው ግን በ50 ቃላት ብቻ ነው። እነዚያው ቃላት ተመላልሰው ስለሚመጡ ሳይሸመደዱ ይያዛሉ። መጽሐፍ ስትመርጡ ውፍረቱን ትታችሁ አንዱ ቃል ስንቴ እንደሚመለስ ቁጠሩ።

ተረት፦ ሥዕሉን ማየት ማጭበርበር ነው።

አይደለም፤ ታዲያ ለምን ተሣለ? ግን ሥዕልም ያሳስታል። የእኛዋ ጦጣ አፏን ከፍታ ነው የተሣለችው፤ ልጅቷ «ምን አለች?» ብትል አይፈረድባትም።

ተረት፦ ስለ መጽሐፍ አስተያየት ለመጻፍ መጀመሪያ ቋንቋውን መቻል ነው።

በእኔ ዕይታ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ያነበቡት ቃል የራስ የሚሆነው ሲጽፉበት ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማን ምን ሆነ፣ ምኑን ወደድኩ፣ ለምን? «ለምን» የምትለዋ ናት ሥራውን የምትሠራው፤ ምክንያት ለመስጠት ሁለት ሐሳብ ማያያዝ ግድ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ በሌላ ቋንቋ ማወቅም ሸክሙን ያቀላል። የኤሪክ ካርልን የተራበ አባጨጓሬ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመውን መጽሐፍ፣ ልጅቷ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች። በአማርኛ ጻፊልኝ አልኳት። ይህን ላከችልኝ፦

«አባጨጓሬው ብዙ በላ። ሆዱን አመመው። እኔ ቅዳሜን ወደድኩ ምክንያቱም አይስክሬም አለ።»

«ስላለ» ብላ ብትጨርሰው ያምር ነበር፤ አልነካሁትም። ጀማሪ የጻፈውን ሁሉ በቀይ ብዕር ማቅለም ብዕር ያስጥላል። አንብቢልኝ ብቻ አልኳት። አነበበች፤ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«አጎቴ፣ ይሄኛው ይጠብቃል አይደል?»