ከርከዴና የግፊት ክኒን

«ከርከዴ መጠጣት ከጀመርኩ ወዲህ የግፊት ክኒኑን ትቼዋለሁ» የሚሉ አባቶችና እናቶች ያጋጥሙናል። በዛሬው ዝግጅታችን ይህ ቀይ መጠጥ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራም እንመለከታለን።

በቅድሚያ፣ አበባ ብለን የምንዘፈዝፈው አበባው ራሱ አይደለም። አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። ቀለሙን የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉ ውህዶች ናቸው።

የበላነው ምግብ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጉልበት ሲሰጠን፣ ያልተረጋጉ ቅንጣቶችም አብረው ይፈጠራሉ። ከልክ ሲያልፉ ሴሎችንና የደም ሥሮችን ውስጠኛ ገጽ ይጎዳሉ። የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው የሚጠቁረው፣ ሎሚ ሲጨመቅበት ደግሞ የሚዘገየው በተቀራራቢ ምክንያት ነው። እነዚህን ቅንጣቶች የሚያረጋጉ ውህዶች አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ፤ አንቶሲያኒን አንዱ ነው። በቤተ ሙከራ ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ ሲቀንስም ታይቷል። ይሁን እንጂ የቤተ ሙከራ ብልቃጥ ሰው አይደለም። ከጠጣነው አንቶሲያኒን ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ታዲያ በሰው ላይ ምን ታየ? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 65 ሰዎችን አሳትፏል። ከፊሎቹ ለ6 ሳምንታት በቀን 3 ኩባያ የከርከዴ ሻይ ጠጡ፤ ሌሎቹ ከርከዴ የሌለበት፣ ጣዕሙ የሚመስል መጠጥ ተሰጣቸው። የላይኛው የግፊት ቁጥር በከርከዴ ጠጪዎቹ በአማካይ 7.2፣ በሌሎቹ 1.3 ቀነሰ። መልካም ውጤት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሰዎቹ ግፊታቸው በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለና የግፊት መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። የላይኛው ቁጥር 180 የደረሰበትን ሰው ከ7 ዝቅ ማለት ከአደጋ አያወጣውም። ክኒኑን የተወ ሰው ደግሞ ምንም ሳያመው ግፊቱ ሊያሻቅብና በድንገት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል፤ ክኒን መዋጥም በአላህ መመካትን አይቀንስም።

ሌላው ጣጣ ስኳሩ ነው። ከርከዴ ስለሚኮመጥጥ በረመዳን ለኢፍጧር ሲቀርብ ስኳሩ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ የሚጨመርበት ቤት አለ። ይህ በተለይ ለስኳር ሕመምተኞች ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እንግዲያውስ በቴምር ያጣጥሙት፣ እሱም በልኩ።

የግፊት ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ከርከዴን በየቀኑ ለመጠጣት ካሰቡ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ሁለቱ ተደምረው ግፊቱን ከሚፈለገው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ነፍሰ ጡር እናቶችም በብዛት ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ይህን ያዙልን፤ በሱዳን የተደረገ ጥናት ክሎሮኪን ከከርከዴ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክሎሮኪኑን በንጹሕ ውሃ ዋጡት፤ ከርከዴው ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ።